ምን አሳቃችሁ?

ገብረወልድ የመጨረሻውን ዲስኬት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከትቶ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአማርኛ "ማን አለ?" ብሎ ሲጽፍ፣ ቢሮውን በሚከፍለው መስታወት ማዶ ባልደረባው ከሪማ ከወንበሯ ብድግ ስትል አየ። ጽሑፉ በእሷ ኮምፒዩተር ላይ ወጥቶ ነበር። ባለሙያዎች የናዝሬቱን እርሻ ጽሕፈት ቤት ሁለት ኮምፒዩተሮች በሽቦ አገናኝተው፣ ዲስኬቶቹን በካርቶን ትተው ከሄዱ ወዲህ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ፕሮግራም ሲፈልግ ነው የከረመው። የሰሜኑ ጦርነት ጆሮውን ከወሰደበት በኋላ ሰው የሚያነጋግረው ለሥራ ብቻ ነበር፤ ያውም በብጣሽ ወረቀት። የሚስቁትን ሰዎች ምን እንዳሳቃቸው ሲጠይቅ ደግሞ "ተወው" ብለው እጃቸውን ያወዛውዙለታል።

ባልደረቦቹ ከሪማን ከበው ስክሪኑን ተመለከቱ። "ጋሼ ገብረወልድ፣ እርስዎ ነዎት? ምን ልታዘዝ?" ብላ ጻፈችለት።

ገብረወልድ መልሶ ጻፈ። "ጠዋት ሁላችሁም ስትስቁ ነበር። ምን አሳቃችሁ?"

ከሪማ ቀና ብላ በመስታወቱ አየችው፤ ከዚያም አጎንብሳ መጻፍ ጀመረች። "ሹፌራችን ኬላ ላይ መታወቂያ ሲሉት፣ በእንቅልፍ ልቡ ከቆቃ የገዛውን ዓሣ አውጥቶ ሰጣቸው!"

ገብረወልድ ሳቀ። ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል ሌሎቹ ለምሳ ወጥተዋል፤ ከሪማም ሻሿን እያስተካከለች ወጥታ በሩን ስትዘጋ አያት። ወደ ስክሪኑ ዞሮ "ሌላስ?" ብሎ ጻፈ።