ባልዲ የያዙት አለቃ

ዲዛይነሩ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ሙያው የስልክ መተግበሪያ ለሰው እንዲቀል አድርጎ መንደፍ ነው፤ የራሱ ኑሮ ግን አልቀል ብሎታል። የሚያድረው እህቱ ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር ነው ይባላል፤ በስምንተኛው ወር ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የእህቱ ባል ብቻ ነው።

«ዛሬም ካልሆነለት ሶፋውን እሸጠዋለሁ ብሏል ባሌ» አለችው እህቱ ጠዋት። «የቀልድ እንዳይመስልህ።»

እሱ መች ሊሰጋ! ሰባቱን የሥራ ማግኛ ስልቶች ከኢንተርኔት ሸምድዷል። ሰባተኛው በተለይ ልቡ ውስጥ ገብቷል፦ ብልህ አለቃ የጽዳት ሠራተኛ መስሎ አመልካቾችን ይታዘባል። መካሪው ራሱ ሥራ ይኑረው አይኑረው የጠየቀ የለም።

ዛሬ ለቃለ መጠይቅ በመጣበት ድርጅት ክፍት ቦታው አንድ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እሱና ጥፍሯን የምትበላ አንዲት ልጅ።

ከቃለ መጠይቁ ክፍል አንድ አዛውንት ባልዲ ይዘው ወጡ። መወልወያ ጨርቃቸው የክፍሉን የጽሑፍ ሰሌዳ አጥፍተውበት ሰማያዊ ሆኗል። ጫማቸው ግን ያብረቀርቃል።

«አገኘሁህ!» አለ ዲዛይነሩ በሆዱ። የጽዳት ሠራተኛ በዚህ ጫማ? ዘሎ ባልዲውን ተቀበላቸው።

«እኔ እያለሁማ አይሆንም፣ አባቴ!»

ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። አለቀላት፣ ምስኪን፣ ብሎ አዘነላት፤ ማለትም ደስ አለው።

«ተባረክ» አሉ አዛውንቱ። «እስቲ ንገረኝ፣ እንደኔ ያለ ሽማግሌ የሐኪም ቀጠሮ በስልኩ እንዲይዝ አድርግ ብትባል ምን ታደርጋለህ?»

የጽዳት ሠራተኛ እንዲህ ይጠይቃል? ዲዛይነሩ ወለሉን እየወለወለ ያለ የሌለ እውቀቱን ዘረገፈው።

«በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ። ፊደሉ ተለቅ ያለ። መመለሻው ቁልፍ ሁሌ አንድ ቦታ። ከሁሉ በፊት ግን አምስት አዛውንቶች አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ሲጠቀሙ አያለሁ።»

አዛውንቱ እያንዳንዷን በከንፈራቸው ደገሟት። ከዚያ ሄደው የልጅቷን ወንበር ዙሪያ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። ተመልሰውም «አምስት ነው ያልከው?» አሉት። አለቃ ሲመዘግብ እንዲህ ነው እንግዲህ።

በሩ ተከፍቶ የእሱ ስም ተጠራ።

«ልጄ፣ ይቺን ባልዲ ታች ብታደርስልኝ? ወገቤን አሞኛል» አሉ አዛውንቱ። «እሷ ትቅደምና ትገባለህ።»

የመጨረሻዋ ፈተና ይቺ ናት! ተራውን ለልጅቷ ለቀቀና ባልዲውን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወረደ። ደስታው አላስችል ብሎት ደረጃው ላይ ለእህቱ መልእክት ላከ፦ «ሶፋውን ይሽጠው።»

ሲመለስ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ እየሮጠች ወጥታ አዛውንቱ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ ሰሌዳው ላይ ያየኸውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ልክ እንደነገርከኝ መለስኩላቸው፤ ነገ ሥራ ጀምሪ አሉኝ!»