አርባ አንድ መስመር

በሽታው ከገባ ወዲህ ባለ ሦስት ፎቁ ማሠልጠኛ በሩ እንደተከረቸመ ነው። ውስጡ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰው ታጉሯል። ባለፈው ሳምንት ሠላሳውን ጠርተው፣ ብርድ ልብሳቸውን ሳይቀር አሸክመው፣ በአውቶቡስ ወሰዷቸው። «ሊሞቱ ነው፤ ከዚያ የተመለሰ የለም» ተባለ። ማን አለ ቢባል መልስ የለም፤ ግን ሁሉም አመነ።

ጋሽ ኮምፒዩተርም አመነ። ስሙን ያወጡለት የክፍሉ ሰዎች ናቸው፤ ከመታጎሩ በፊት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ ከእሱ ሦስት ሳምንት ቀድማ ነው የገባችው።

«እኔን ሐኪሞቹ በመጡ ቁጥር አፍንጫዬን ይጎረጉሩኛል፣ አንተን አንዴ ብቻ! ዘመድ አለህ እንዴ?» እያለች ትስቅበታለች።

እሱ ግን ሌላ ያስባል። አንድ ነገር ባያገኙባት ምን ያመላልሳቸዋል?

አንድ ቀን ጠዋት የማሠልጠኛው ኃላፊ ቢሮ አስጠራው።

«ከዚህ ፋይል ኮዳቸው በአራት የሚያልቀውን ሁሉ ፈልገህ ቅዳልኝ። አርባ አንድ ናቸው። አንድ እንዳይጎድል፣ አንድ እንዳይተርፍ።»

«አራት ምን ማለት ነው ጌታዬ?»

«ያንተ ሥራ መቅዳት ነው። ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ግርግር አልፈልግም።»

በዓይን ቢለቅመው ግማሽ ቀን በፈጀበት። እሱ ግን የሙያው ሰዎች ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚሉትን አጭር ቀመር መፈለጊያው ውስጥ ጻፈ፦ ^.*-4$ ። መጀመሪያው ምንም ይሁን ምን፣ መጨረሻው ሰረዝና አራት የሆነውን መስመር አምጣ ማለት ነው። አርባ አንዱ መስመር በአንድ ጊዜ ቢጫ ሆነ። ቀድቶ አዲስ ገጽ ላይ ለጠፈው።

አሥራ ዘጠነኛዋ ሚስቱ ናት።

ሠላሳዎቹም እንዲህ በዝርዝር ነበር የተጠሩት። መሰረዙስ ቀላል ነበር፤ አርባ ሊሆኑ ነው እንጂ። ሌሊቱን ሙሉ በማንኮራፋት የሚፈጀውን የአልጋ ጎረቤቱን ቢያስገባስ? አሰበው፣ ውሸት ምን ያደርጋል። አንጀቱ ግን እምቢ አለው። ሰውየው የልጆች አባት ነው።

የራሱን መስመር ፈለገ። ኮዱ በአንድ ያልቃል። አንዱን አራት አደረገና በሚስቱ ቦታ ለጠፈው። ፈርቷል፣ በጣም ፈርቷል፤ ግን እዚህ ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ቀለል ብሎት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ስም ተጠራ። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ሚስቱን ሳይሰናበት ወረደ። ዓይኗን ካየ እግሩ እንደማይታዘዝለት ያውቃል። አርባ አንዱም አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ሲያልቁ ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! አራት ጊዜ ተመርምራችሁ ነፃ ስለሆናችሁ ወደየቤታችሁ ናችሁ። ለቀራችሁት፣ ይህ በር ከእንግዲህ እስከ ሦስት ወር አይከፈትም።»

ሚስቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የመስኮቱን ብረት ይዛ ቁልቁል በአውቶቡሱ መስኮት አየችው።

«ዝርዝሩን የሠራኸው አንተ ነህ አይደል?» አለችው።