ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም

አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቧንቧ የሚነፋው ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ ነበር። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ያስላል። ለዚህ ነው የሠራው ዕቃ ሁሉ አንገቱ ላይ ሁለት ቀጭንና አንድ ወፍራም ቀለበት ያለው።

እሷ ግን በአፍ መንፋት ይብቃ ብላ አየር የሚገፋ ማሽን ገዛች። የምትፈልገው ልሙጥ ሥራ ነው። ዛሬም ዘጠነኛው የአበባ ማስቀመጫ እነዚያኑ ሦስት ቀለበቶች ይዞ ወጣ።

«ኤጭ! ከነገ ወዲያ ኤግዚቢሽን አለብኝ እኮ!»

«ማሽኑ ነዋ፣ እህቴ» አለ ፊት ለፊቷ የቆመው ወንድሟ። «አየሩን እየቆራረጠ ነው። አስጠግኚው።»

«ሦስቴ አስጠገንኩት! አሁንስ አንጀቴን አሳረረው!»

አሥረኛው ብርጭቆ ቧንቧው ጫፍ ላይ እንደጋለ፣ በንዴት የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ መነጨቀችው። የአየሩንም ቱቦ ከቧንቧው ነቅላ ወረወረችው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ብርጭቆው ትንሽ አበጠ። ደግሞ ትንሽ። ከዚያ በረጅሙ።

ወንድሟ አፉን በሁለት እጁ ከደነ።

ሳሉ የመጣው ከጀርባዋ ነው።