የማላውቀው ለቀስተኛ

አባቴ ሲሞት አንድ የማላውቀው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ለቀስተኛ «ማነህ?» አይባልም፤ የአባቴ ወዳጅ መስሎኝ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ቤቴል ሰፈር የምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ የትም ከኋላዬ ነው። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔው ነኝና ምን ብዬ ልናገር? አፍሬ ስምንት ወር ዝም አልኩ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ አክስቴ ሙሉወርቅ ቤት ገብቼ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳት።

«እፀገነት፣ እሱ ይፈር እንጂ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለች። «ያየሽበትን ቀንና ቦታ ጻፊ፤ የላከልሽንም መልእክት እንዳታጠፊው። አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን።»

መታወቂያዬን ልንወስድ ወደ ቤት ሄድን። ግቢያችን በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ተነስተው አክስቴን እያቀፉ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

እሱ መሀል ቆሞ፣ ፎቶ አቅፎ፣ «እፀገነትን የመሰለች ልጅ!» እያለ ይንሰቀሰቃል።

ፎቶው ላይ ቢጫ ሹራብ ለብሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩትን፣ አሁንም ከላዬ ላይ ያለውን።