እጥፋት የሌለው ካርድ

ኩፍኝ ከሕፃናት ክፍል ተሻግሮ ሦስት ሐኪሞችን በጣለበት ሳምንት፣ የሆስፒታሉ ሠራተኞች የልጅነት የክትባት ካርድ እንዲያሳዩ፣ የሌላቸው ደግሞ ተሰልፈው እንዲከተቡ ታዘዘ። ካርድ የጣሉ እናቶችን በመቆጣት የታወቀችው የክትባት ነርስ፣ እናቷ ከሣጥን አውጥተው ያመጡላትን ካርድ ለሰልፈኛው ከፍ አድርጋ አሳየች።

«እናት ማለት እንዲህ ናት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጥፋት እንኳ የለውም!»

እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ሕፃን ሆነሽ መርፌ ስትወጊ ለማየት አንጀቴ አልችል ቢለኝ፣ የጎረቤታችንን የትርንጎን ልጅ አዝዬ ነበር የምሄደው። ምን ላድርግ፣ የዚያን ጊዜዋ ነርስም እንዳንቺ ቁጡ ነበረች። ስምሽን ግን አሳምሬ አስጽፌያለሁ።»

ልጅቷ ካርዱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ እጅጌዋን ሰበሰበች።