የኑጉ ዘይትና አምቡላንሱ

ናፍታ ከተከለከለ ወዲህ መኪና የሚሄደው ማጣሪያ ገብቶ በወጣ የምግብ ዘይት ነው። ለየቤቱ የሚቀረው በወር አንድ ጠርሙስ ስለሆነ፣ ጾም ሲገባ ሽሯችንን በውኃ ብቻ እናንተከትካለን። አልዋሽም፣ አየሩ ጠርቷል፤ ደጅ ያሰጣሁት ነጠላ ጥላሸት አይነካውም።

የደብረ ብርሃን ሰፈራችንን አምቡላንስ የምትነዳው የልጅ ልጄ ኤፍራታ ናት። አዲሱ ነዳጅ አቀበት ላይ ጉልበቱ እንደሚያንስ ስትናገር ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ አላርፍ አለ። ትናንት ሳታየኝ የወር ዘይታችንን የአምቡላንሱ ነዳጅ ታንከር ውስጥ ገለበጥኩት።

ዛሬ ማለዳ ጎረቤታችንን ርብቃን ምጥ ያዛትና አምቡላንሱ ውስጥ አስተኛናት። ውርጩ ያንገበግባል፤ ሞተሩም አልነሳ አለ።

ኤፍራታ የሞተሩን ክዳን ከፍታ አየች። "እምዬ፣ ነዳጁ ፊልትሮው ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቷል! ምን ገባበት?"

"ኑግ ጨመርኩበት። ጉልበት እንዲሆንሽ ብዬ።"

"ሳይጣራ? ለሞተር ወጥ ልትሠሪለት ነው?"

"ስድቡን ስትመለሺ ትጨርሺዋለሽ። አሁን መሪው ጋ ግቢ።"

ርብቃ ከኋላ "ኧረ በማርያም፣ ቶሎ!" ትላለች።

ጋቢዬን ከቤት ባመጣሁት የፈላ ውኃ እየነከርኩ ፊልትሮው ላይ ጠመጠምኩት። እጄ ቢቃጠልም አልለቀቅኩም። በአራተኛው ሙከራ ሞተሩ ተንዘፈዘፈና ተነሳ።

"አቀበቱ ላይ ቢቆምስ?" አለች ኤፍራታ።

ሁለት ፔርሙስ የፈላ ውኃ አቅፌ ርብቃ አጠገብ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ።

"ከቆመ ወርጄ እንደገና አሞቀዋለሁ። ንጂ!"