ሰባተኛው ዓምድ

መሪጌታ ገብረ ሕይወት አሥራ አንድ ዓመት ቅኔ ቤት ኖረው ሲወጡ ያገኙት ሥራ የሰው ጤፍ መቁጠር ነበር። ሰው ሳይቀድማቸው ራሳቸው ይናገሩታል። «ሊቅ እሆናለሁ ብዬ ቁና ሰፋሪ ሆንሁ» ይሉና ከሁሉም በፊት ይስቃሉ።

የሚቆጥሩት ለእሜቴ ሀብትነሽ ማኅበር ነው። እሜቴ ሀብትነሽ ቡሬ ላይ እህል የሚነግዱ ባልቴት ናቸው፤ ከዘመዶቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ባቋቋሙት ማኅበር ጤፍና ገብስ እየገዙ፣ ማንኩሳ ለሰፈረው የጣሊያን ጦር በበቅሎ ያደርሳሉ። ነገሩ አያኮራም። ዘመኑ ፲፱፻፴ ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ሆድ ደግሞ በየቀኑ ይርባል፤ ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጭናል።

የማኅበሩ መዝገብ እስከዚያ ድረስ አንድ የተቀዳደደ ደብተር ነበር። «ክንዱ የተባለ ሌባ፣ አንድ ጭነት ገብስ፣ ግማሹ እንክርዳድ» ይላል አንዱ ገጽ። በዚሁ ሂሳብ ማኅበሩ አንድም ቀን ከስሮ አያውቅም።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ፣ ገበያው ሲሞቅ፣ እጅጉ የሚባል ኮት የለበሰ ሰው መጣ። የማንኩሳው የጣሊያን ሹም ጸሐፊ ነኝ አለና ወረቀት አወጣ። ግርጌው ላይ ሐምራዊ ማኅተም አለ፤ ቀለሙ ስለፈሰሰ ንስር ይሁን ዶሮ አይለይም።

«ከዛሬ ጀምሮ የንግድ ማኅበር ሁሉ መዝገቡን በአዲሱ ደንብ ይይዛል» አለ። «ስድስት ዓምድ ነው። እህሉ፣ መጠኑ፣ ዋጋው በሊሬ፣ የሚጫንበት ቀን፣ የሚሄድበት መንገድ፣ የጠባቂው ብዛት።»

«መንገድና ጠባቂ ደግሞ ምን ሂሳብ ነው?» አሉ እሜቴ ሀብትነሽ።

«መንገድ ያልቃል፣ ጠባቂ ይበላል። በፈረንጅ ሂሳብ ሁሉም ወጪ ነው፣ እሜቴ። ጭነቱ ሳይነሣ አስቀድሞ ይጻፋል። ቅጂውን በየሐሙሱ እየመጣሁ እኔው ለሹሙ አደርሳለሁ፤ እናንተ አትድከሙ።»

እሜቴ ሀብትነሽ ፊታቸውን አጠቆሩ። መሪጌታ ግን ደስ አላቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ያልገባቸው ምሥጢር በስድስት ዓምድ የተገለጠላቸው መሰላቸው። በሸምበቆ ብዕር መስመር አሰመሩ፤ ለቅዱሳን ስም ብቻ የሚያወጡትን ቀይ ቀለም በጥብጠው የጭነቱን ቀን ጻፉበት። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ደንቡ ጎደሎ ሆኖ ታያቸው። ከራሳቸው ሰባተኛ ዓምድ ጨመሩ፦ ጠባቂዎቹ የት ወርደው ምሳ እንደሚበሉ።

እጅጉ ሰባተኛውን ዓምድ ሲያይ መልሶ መላልሶ አነበበው።

«መሪጌታ፣ እርሰዎ ሮም ቢወለዱ ኖሮ ሐውልት ያቆሙልዎ ነበር» አለ በመጨረሻ። መሪጌታ ያን ቀን ሐውልታቸውን ሲያስቡ ራታቸውን ረሱ።

ችግሩ ጭነቱ አለመድረሱ ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ ሃያ በቅሎ ጤፍ አርበኞች ወሰዱት። መንገዱ በላይኛው ቢቀየር በላይኛው ጠበቁት። ሦስተኛው ጊዜ ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ዛፍ አስደግፈው እንጀራ ሲቆርሱ ተከበቡ። ሰው አልተነካም፤ በቅሎዎቹም ባዶአቸውን ተመለሱ። እህሉና ጠመንጃው ብቻ ቀረ።

የማንኩሳው ሹም ላከ። «ምሥጢር ያወጣውን ሰው እስከ ቅዳሜ አምጡ። ካላመጣችሁ ሀብትነሽ ትሰቀላለች።»

መሪጌታ ተቀምጠው ነገሩን ልክ እንደ ሂሳብ አወራረዱት። ቀኑንና መንገዱን የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው፤ እሜቴ፣ እሳቸውና የነጂዎቹ አለቃ ታከለ። እሜቴ በገንዘባቸው አይቀልዱም። መዝገቡ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚያድር፤ ቁልፉም መሪጌታ አንገት ላይ ከማዕተባቸው ጋር ታስሯል። የቀረው ታከለ ነው። ታከለ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተዘርፎ ጭረት እንኳ የለበትም፤ አጎቱም ዱር ቤቴ ካሉ ቆይተዋል።

«እኔ አፌን አልከፈትሁም፣ መሪጌታ» አለ ታከለ። «አጎቴን ካየሁት ዓመት አለፈኝ። ስሜን ለፈረንጅ ከሰጡት እሑድን አላያትም። አራት ልጆች አሉኝ።»

«ታዲያ ማን ይሁን? መዝገብ አፍ የለው!»

«እኔ ምን ዐውቄ። ብቻ እርሰዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት፤ በደሜ አይግቡ።»

መሪጌታ አዘኑለት፤ ከልባቸው አዘኑለት። ግን የእሜቴ ነፍስ በእጃቸው ነበረች። እውነቱ ከተነገረ ደግሞ፣ ያን የመሰለ መዝገብ ሹሙ በዓይኑ እንዲያይላቸውም ጓጉተዋል።

ቅዳሜ ጧት መዝገቡን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ታከለን በሁለት ጠባቂ አስይዘው ማንኩሳ ገቡ። ሹሙ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አንድ ሽበታም አስተርጓሚ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ምሥጢሩን ያወጣው ይህ ሰው ነው» አሉ መሪጌታ ወደ ታከለ እያመለከቱ። «በማኅበሩ በኩል ቀዳዳ እንደሌለ መዝገቡ ይመሰክራል። ባወጡት ደንብ መሠረት አንዲት ነጥብ አላጎደልሁም። እንዲያውም ሰባተኛው ዓምድ የእኔ ጭማሪ ነው። ቅጂውም በየሐሙሱ በጸሐፊዎ በአቶ እጅጉ እጅ ደርሶዎታል።»

ሹሙ መዝገቡን ገለጠ። አስተርጓሚው በጣቱ እየጠቆመ ዓምድ በዓምድ ነገረው፤ ቀኑን፣ መንገዱን፣ የጠባቂውን ብዛት፣ የምሳውን ቦታ። ሹሙ ወደ መሪጌታ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አያቸው። መሪጌታ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው እንደሚቆም ቆሙ። ከዚያ ሹሙ ዝግ ባለ ድምፅ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ አስተርጓሚው ወደ መሪጌታ ዞረ።

«ጌታው የሚሉት፣ ‹እጅጉ የሚባል ጸሐፊ የለኝም፤ ደንብ ያልኸውንም ገና ዛሬ መስማቴ ነው።›»